የመኪና የፊት እግር ዕቃ ተቀይሮ ድምፅ ሲመጣ፦ ምንጩን ደረጃ በደረጃ ማግኘት

«የፊት እግር ዕቃ አስቀየርኩ፤ ዕቃው አዲስ ነው፤ ግን ኳ ኳ ይላል። አሁን ደግሞ ምኑን ልቀይር?» ይህ ጥያቄ ቃሉ እንኳ ሳይለወጥ ደጋግሞ ይመጣልኛል። አንዳንዱ ጠያቂ የቆየው ድምፅ አልለቅ ያለው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሥራው በፊት ያልነበረ ድምፅ የመጣበት። ለሁለቱም የምለው አንድ ነው፦ ለጊዜው ምንም አትቀይሩ። ዕቃ በተቀየረ በቀናት ውስጥ የሚሰማ ድምፅ በብዛት የሚመጣው በደንብ ካልጠበቀ ብሎን፣ ቦታውን ካልያዘ ሞላ፣ ወይም እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒ ነው። እነዚህ ሦስቱ ሌላ አዲስ ዕቃ ቢገዛም ባሉበት ይቀራሉ። ስለዚህ ፍተሻው የሚጀምረው በቅርቡ እጅ ከነካው ቦታ ነው።

አጠራር ከጋራዥ ጋራዥ ስለሚለያይ እንግባባ። እግር የምለው ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ክፍል በሙሉ ነው። ሾክ የምለው አሞርቲዛተር የሚባለውን፣ የሞላውን ንዝረት የሚያበርደውን ነው። ብራቾ ጎማውን ከሻሲው የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ነው፤ ጎሚኒ ብራቾው ከሻሲው በሚገናኝበት ቦታ የሚገባው ላስቲክ ነው። ሊንክ ደግሞ ስታቢላይዘር ባሩን (ግራና ቀኝ እግሮችን የሚያያይዘውን፣ የራሱ ጎሚኒ ያለውን ብረት) ከሾኩ ወይም ከብራቾው የሚያገናኘው አጭር ዘንግ ነው። ቴስቲኒ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ነው። ሞዞ የጎማው ኩሽኔታና ፍሬኑ የሚታሰሩበት ብረት ነው፤ ቦል ጆይንት ደግሞ ብራቾው ከሞዞው የሚገናኝበት ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት የብረት መቆሚያ) እና ለኋላ ጎማ ታኮ
- ቶርክ ሬንች (በተወሰነ ልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ)፣ ተራ ቁልፎችና አለን ቁልፍ
- ረጅም መፈንቀያ ብረት
- የእጅ ባትሪ፣ ነጭ ማርከር፣ ሜትር
- ውኃ የተሞላ መርጫ ጠርሙስ
- ጓንትና መነጽር
- የመኪናው የጥገና መጽሐፍ፣ ቢያንስ የብሎኖቹ የማጥበቂያ ልክ የተጻፈበት ገጽ
- አንድ ረዳት ሰው። ያለ ረዳት ከሥራው ግማሹ አይሠራም

ማስጠንቀቂያ

በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር አትግቡ። ሁልጊዜ ካቫሌቶ ይግባበት፤ መሬቱ ደልዳላ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ተይዞ የኋላ ጎማዎች በታኮ ይደገፉ።

ሾኩ ጫፍ ላይ፣ ከላይ ቦኔት ተከፍቶ የሚታየውን የመሃል ዳዶ በፍጹም አትፍቱ። እሱ ዳዶ የተጨመቀውን ሞላ ይዞ የሚያስቀረው ነው፤ ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ ከተፈታ ሰው ሊገድል ይችላል። ማጥበቅ ይቻላል፤ መፍታት ግን አይደለም።

መሪው በድንገት ከላላ፣ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ ወይም ጎማውን ስትነቀንቁ በዓይን የሚታይ ክፍተት ካለ መንዳት አቁሙ። ቦል ጆይንት ከወለቀ ጎማው በአንድ ጊዜ ይተኛል።

1. ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ለዩ

ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ድምፁ ምን እንደሚመስል ነው። እኔ ደግሞ የምጠይቀው መቼ እንደሚሰማ ነው፤ ምክንያቱም ብረት ድምፅን አዙሮ ስለሚወስድ የግራው በቀኝ በኩል ሊሰማ፣ ሲጥጥታውም እንደ ኳኳታ ሊመስል ይችላል። ጊዜው ግን አይዋሽም። ረዳታችሁ ይንዳ፤ እናንተ መስኮት ከፍታችሁ፣ ሬዲዮና ማራገቢያ አጥፍታችሁ አዳምጡ። መኪና በማይበዛበት መንገድ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይበቃል።

- ትንንሽ እብጠት ላይ አንዱ ጎማ ብቻ ሲወጣ ኳ ኳ ይላል፤ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲወጡ ግን ዝም ይላል፦ ሊንክ ወይም የስታቢላይዘር ባር ጎሚኒ። ባሩ የሚጠመዘዘው ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ከፍታ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው።
- ፍሬን ስትይዙ ወይም ወደኋላ ስትነሱ አንድ ጊዜ ጓ ይላል፦ የብራቾ ጎሚኒና ብሎን፣ ወይም ብራቾው የሚታሰርበት የታችኛው ፍሬም ብሎን። ኃይሉ አቅጣጫ ሲቀይር የላላው ብረት ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይገፋል።
- መኪናው ቆሞ መሪ ስትጠመዝዙ እንደ ሽቦ ዘሎ ይጮኻል፦ የሞላው አቀማመጥ ወይም የሾኩ የላይኛው ኩሽኔታ።
- ፍሬን ላይ እግራችሁን ለስለስ አድርጋችሁ ስታሳርፉ ኳኳታው ይጠፋል፦ ፍሬኑ ነው፤ ሸራው ወይም የፍሬን ፒንሳው ብሎን። የመኪናውን እግር መፈተሽ ተዉት።
- ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉርምርምታ፦ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ጎማው ራሱ። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ያኔ ከባሰ የቀኙን ኩሽኔታ ጠርጥሩ።
- መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ነዳጅ ስትሰጡ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፦ የሲቪ ጆይንት (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ)። የእግር ሥራ ላይ ሞዞው ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ከነበረ የውስጠኛው መገጣጠሚያ ተስቦ ሊሆን ስለሚችል ሽፋኑንም ተመልከቱ።

የታዘባችሁትን በወረቀት ጻፉት። ሁለት ድምፅ አብሮ ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው አዲስ የመጣ ይመስላል።

2. የእግር ያልሆነውን አውጡ

የጎማ ዳዶዎችን በቶርክ ሬንች ፈትሹ። ጎማ የተፈታበት ሥራ ሁሉ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና መፈተሽ አለበት፤ የላላ የጎማ ዳዶ ልክ እንደ ቦል ጆይንት ያንኳኳል፣ አደጋውም ከእሱ አያንስም። ከዚያ ሻንጣውን ባዶ አድርጉ፤ መለዋወጫ ጎማውና ክሪኩ ታስረው መሆናቸውን እዩ። የሞተር ሥር መሸፈኛ ፕላስቲክ ክሊፖቹ ተሟልተዋል? ሞተር ክፍል ውስጥ የተረሳ ቁልፍ የለም?

ከዲስኩ ጀርባ ያለችው ስስ የቆርቆሮ መከላከያም እዚህ ትታይ። በሥራ ላይ በክንድ ተገፍታ ትጣመምና ዲስኩን ትነካለች፤ ፍጭት ፍጭት የሚል ድምፅ ይመጣል። በጣት ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። በዚች ቆርቆሮ ምክንያት ጤነኛ ኩሽኔታ ሲቀየር አይቻለሁ።

3. መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ፈትሹ

ሞተሩ ይነሳ፤ ረዳታችሁ መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ይጠምዝዝ። እናንተ ቦኔቱን ከፍታችሁ መዳፋችሁን የሾኩ የላይኛው ማረፊያ ላይ አሳርፉ። እጃችሁን ከሚሽከረከር ቺንግያና ከማራገቢያ አርቁ። ጆሮ ያጠፋውን እጅ ያገኘዋል፤ ድምፁ ከእዚያ ከሆነ መዳፍ ላይ እንደ ደም ሥር ምት ትር ይላል። ከዚያ በጎማው በኩል ሞላውን ከውጭ በመዳፍ ብቻ ንኩት። ጣት በሞላው ጥቅልሎች መሃል አይግባ።

ሞላው ቀጥ ብሎ አብሮ የሚዞር ከሆነ ጥሩ ነው። ተጠምዝዞ ይዞ ይዞ በድንገት ከተፈናጠረ የላይኛው ኩሽኔታ አልዞር ብሏል፣ ወይም ተገልብጦ ተገጥሟል፣ ወይም የሞላው ጫፍ ከማረፊያ ሳህኑ እርከን ወጥቶ ተቀምጧል። የታችኛውን ጫፍ በባትሪ እዩ፦ ሳህኑ ላይ ለጫፉ የተሠራች እርከን አለች፤ ጫፉ እሷ ጋር ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ካልተቀመጠ ሾኩ ወርዶ፣ ሞላው በመጭመቂያ ተይዞ መስተካከል አለበት። ይህን ልምድና ትክክለኛ መጭመቂያ ለሌለው ሰው አልመክርም።

4. እግሩን አንሱና ነቅንቁ

መኪናውን በሻሲው በኩል አንስታችሁ ካቫሌቶ ላይ አሳርፉ፤ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ይንጠልጠሉ። ይህ ለማክፈርሰን ዓይነት እግር ነው፤ ማለትም ሾክና ሞላ አንድ ላይ ሆነው ከላይ ለሚታሰሩበት። ሞላው የታችኛው ብራቾ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን ክሪኩ ከብራቾው ሥር፣ ከቦል ጆይንቱ አጠገብ ይግባ፤ አለዚያ የሞላው ጉልበት ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ስለሚይዘው ያለቀው ጤነኛ ይመስላል።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ክፍተት ካለ ረዳታችሁ ፍሬን ረግጦ ይያዝና ደግማችሁ ነቅንቁ። ፍሬን ሲያዝ ክፍተቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ፍሬኑ ሞዞውንና ዲስኩን አንድ ስለሚያደርጋቸው። እንዳለ ከቀጠለ ቦል ጆይንት ወይም የሾኩ ማሰሪያ ነው። ቀጥሎ ጎማውን ግራና ቀኝ ጎኑን ይዛችሁ ነቅንቁ፤ እዚህ ላይ የሚገኝ ክፍተት ቴስቲኒውን ወይም የመሪውን የውስጥ መገጣጠሚያ ያመለክታል። አንዱ ይነቅንቅ፣ ሌላው መገጣጠሚያው ላይ ጣቱን አሳርፎ ይከታተል፤ ዓይን የማያየውን ጣት ይለያል።

መፈንቀያ ብረቱን በብራቾውና በሻሲው መሃል አስገብታችሁ በለዘብታ ጫኑ። ጎሚኒ ትንሽ መለጠጡ የተፈጥሮው ነው፤ ብረት ከብረት ጋር ሲገናኝ ጠቅ ካለ ግን ችግሩ እዚያ ነው።

5. የተነካውን ብሎን ሁሉ በልኩ አጥብቁ

ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። የተቀየረውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ለሥራው ሲባል የተፈታውን ሁሉ ዘርዝሩ። ሾክ ለመቀየር ሊንክ ይፈታል፣ የፍሬን ቱቦ ማሰሪያ ይፈታል፣ የኤቢኤስ ሴንሰር ሽቦ ይላቀቃል። ብራቾ ለመቀየር አንዳንድ መኪና ላይ የታችኛው ፍሬም ዝቅ ይላል።

የሾኩ የመሃል ዳዶ። በአየር መፍቻ ሲጠብቅ የሾኩ ዘንግ አብሮ ይሽከረከራል፤ ሠራተኛው ጠበቀ ብሎ ይተወዋል እንጂ ዳዶው ልኩ አልደረሰም። ዘንጉን በአለን ቁልፍ ያዙና ዳዶውን በእጅ ቁልፍ አጥብቁ። በአንድ ወቅት ለሦስተኛ ጊዜ ሾክ የተቀየረለት መኪና አይቼ ነበር፤ የጎደለው ይሄ ዳዶ ላይ ግማሽ ዙር ነበር። ሦስቱም ሾኮች ጤነኞች ነበሩ።

የቦል ጆይንትና የቴስቲኒ ሾጣጣ። የሾጣጣው ክፍልና የሚገባበት ቀዳዳ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለባቸው፤ ግራሶ ከተቀባ በልኩ ተጣብቆ አይይዝም፣ ሲጠብቅም ከሚገባው በላይ ይሰምጣል። ኮፒሊያ የምትባለዋ መሸጎሪያ ሽቦ ቀዳዳዋን ስታጣ ዳዶውን ወደፊት አጥብቃችሁ አግኙላት። ለእሷ ብላችሁ አታላሉት።

የብራቾ ጎሚኒ ብሎኖች። ይህን በጣም አስተውሉ። ጎሚኒው መሃል ያለው የብረት ቱቦ ብሎኑ ሲጠብቅ ባለበት ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ገና ከጅምሩ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ሲጥጥ ይላል፣ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። መፍትሔው ብሎኑን አላልቶ፣ እግሩን መኪናው መሬት ላይ ሲቆም በሚይዘው ከፍታ አድርጎ እንደገና ማጥበቅ ነው።

ከፍታውን እንዲህ ታገኙታላችሁ። መኪናው መሬት ላይ ሳለ ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ከጎማው በላይ እስካለው የመኪናው አካል (ፓራፋንጎ) ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ 38 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። መኪናው ካቫሌቶ ላይ እንዳለ ክሪኩን ብራቾው ሥር፣ ከቦል ጆይንቱ አጠገብ አድርጋችሁ ያ ርቀት 38 እስኪሆን አንሱ። መኪናው ከካቫሌቶው መነሳት ከጀመረ ቁሙ። አሁን ብሎኑን አላልታችሁ፣ ጎሚኒው ራሱን እንዲያስተካክል ትንሽ ታግሳችሁ፣ በመጽሐፉ ልክ አጥብቁ።

አምራቹ አንዴ ብቻ እንዲያገለግሉ ያዘዛቸው ብሎኖችና ውስጣቸው ፕላስቲክ ያለባቸው ዳዶዎች በአዲስ ይተኩ። አንዴ የተለጠጠ ብሎን ወይም ፕላስቲኩ ያለቀ ዳዶ ቢጠብቅም መልሶ ይላላል።

6. ሊንኩን በምልክት ፈትሹ

ሊንክ ሲጠብቅ ክብ ራሱ ውስጥ ያለው ዘንግ አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ዘንጉን በአለን ወይም በሁለተኛ ቁልፍ ይዞ ማጥበቅ ግድ ነው። ሁለቱም ጎማዎች መሬት ላይ ወይም ሁለቱም አንድ ላይ ተነስተው ይሁን፤ አንዱ ብቻ ከተነሳ ባሩ ተጠምዝዞ ሊንኩን ስለሚወጥረው ላላ ያለውም የጠበቀ ይመስላል።

ከጠበቀ በኋላ በነጭ ማርከር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ዳዶውን፣ የብሎኑን ጫፍና የተሰካበትን ብረት አቋርጦ እንዲያልፍ አስምሩ። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ጎርባጣ መንገድ ነድታችሁ ተመልሳችሁ እዩ። የዳዶው መስመር ከብሎኑ ከተለየ ዳዶው እየላላ ነው። በአንድ መኪና ላይ ያየሁት ደግሞ ሌላ ነበር፦ የዳዶውና የብሎኑ መስመር አብረው ዞረው፣ የብረቱ መስመር ብቻ ቦታው ላይ ቀርቷል። አዲስ ሊንክ በአሮጌ ዳዶ ታስሮ ነበር። ዳዶው ጥርሱ ተበላሽቶ ብሎኑ ላይ ነክሶ ስለቀረ ለቁልፍ ጠብቆ ይታያል፤ ብረቱን ግን አልጨበጠውም። ይህን ያወጣችው ያቺ መስመር ናት፤ እጅ ቢነካው ምንም አይለይም ነበር። ስለዚህ የምታጠብቁት ብሎን ሁሉ ላይ ይህን መስመር አኑሩ።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ ሁለቱንም ሊንኮች ፍቱና ባሩም ሆነ ሊንኩ ምንም እንዳይነካ አስራችሁ፣ ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ በዝግታ ንዱ። ኳኳታው ከጠፋ ጥፋቱ ሊንኩና የባሩ ጎሚኒ ላይ ነው። ባር የሌለው መኪና ኩርባ ላይ በጣም ስለሚያጋድል በዚያ ሁኔታ አትፍጠኑ፤ ለፍተሻው ብቻ ይሁን።

7. ሲጥጥታን በውኃ ለዩ

ረዳታችሁ የመኪናውን ጥግ በሰውነቱ ክብደት እየተጫነ ያወዛውዝ። እናንተ አንድ ጎሚኒ ላይ ብቻ ውኃ ርጩና አዳምጡ። ዝም ካለ አገኛችሁት፤ ካላለ ወደሚቀጥለው እለፉ። አንድ በአንድ መሆኑ አይረሳ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ካራሳችሁ የትኛው እንደነበር አይታወቅም። ውኃው ሲደርቅ ድምፁ መመለሱ የታወቀ ነው። የስታቢላይዘር ባሩ ጎሚኒ ከሆነ ተፈትቶ ባሩ ከዝገትና ከአቧራ ይጽዳ፤ ቅባት የሚፈቅድ ዓይነት ከሆነም የሲሊኮን ግራሶ ብቻ ይቀባ። ተራ ግራሶና የሞተር ዘይት የተፈጥሮ ላስቲክን ያሳብጡታል።

8. የሚያብረቀርቅ ቦታ ፈልጉ

ባትሪ ይዛችሁ አካባቢውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ብረት ከብረት ሲነካካ አቧራውና ዝገቱ ተፍቆ ጣት የሚያህል ብሩህ ነጥብ ይቀራል። የፍሬን ቱቦ ማሰሪያው ሾኩን ይነካል? የሊንኩ ብሎን ተገልብጦ ገብቶ ጫፉ የሲቪውን ላስቲክ ይፍቃል? የሾኩ ላስቲክ ሽፋን ከቦታው ወርዶ ይመታል? ፍሬን ቱቦ ወይም ሽቦ ሲፋቅ ካያችሁ ያንኑ ቀን አስተካክሉ።

አዲስ ሾክ ከመገጠሙ በፊት አግድም ተኝቶ ከቆየ አየር ገብቶበት የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ጠቅ ጠቅ ሊል ይችላል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥቂት ጊዜ እስከ ታች እየተገፋ መሳብ ነበረበት። ከተገጠመ በኋላም ሲነዳ ብዙውን ጊዜ ይለቃል፤ ዘይት እያንጠባጠበ ከሆነ ግን ይመለስ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- አዲስ ሾክ ጠንካራ ስለሆነ ያለቀውን ሌላ ዕቃ ያጋልጣል። የቆየው ለስላሳ ሾክ ደብቆት የነበረው የላላ ቦል ጆይንት አሁን ይሰማል። ሾኩ ተበላሽቷል ብሎ መመለስ አያስፈልግም።
- አንድ ጊዜ ሦስት ነገር ማስተካከል። አንዱን ነካችሁ፣ ንዱ፣ አዳምጡ፤ ከዚያ ወደ ሌላው። የቱ እንደሠራ ካልታወቀ ድምፁ ሲመለስ ፍለጋው ከዜሮ ይጀምራል።
- በእጅ ግምት ማጥበቅ። ያነሰው ያንኳኳል፤ የበዛው ብሎን ይለጥጣል፣ ጎሚኒ ይጨፈልቃል።
- ላስቲክ ሁሉ ላይ ዘይት መርጨት። ለሁለት ቀን ዝም ያሰኛል፤ ምንጩን ግን ይሸፍናል።

9. ሲያልቅ

ሾኩ ከሞዞው የሚታሰርባቸው ሁለት ብሎኖች፣ ብራቾ ወይም ቴስቲኒ ከተነካ የጎማ አላይመንት ይሠራ። ብሎኖቹ ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ስለሚንሸራተቱ የጎማው ማዘንበል ይለወጣል፤ ካልተስተካከለ ጎማው በአንድ ጎን ያልቃል፣ ያም በጊዜው ሌላ ጉርምርምታ ይዞ ይመጣል። አላይመንቱ ሁልጊዜ ማጥበቁ ካለቀ በኋላ ነው፤ በፊት ከተሠራ ሲጠብቅ ይፈርሳል።

100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ነጮቹን መስመሮች አንድ በአንድ እዩ። የተለየ ካለ፣ ፈጽሞ ከማይፈታው ከሾኩ የመሃል ዳዶ በስተቀር፣ ያንን ብሎን ብቻ አውጡና ጥርሱን ከነዳዶው መርምሩ።